ከልብስ ሰፊ ደብተር ለ«አሰበ ጥናት» ድረ ገጽ

ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጭሮ

ለክቡር አቶ አክረም አብዱናስር
የ«አሰበ ጥናት» ድረ ገጽ መሥራች፣ ባለቤት፣ ዋና አስተዳዳሪ፣ እንዲሁም በርዎ ላይ በተለጠፈው ወረቀት መሠረት የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስሜን እስከ አያቴ፣ ዕድሜዬን፣ ስልኬንና የሒሳብ ውጤቴን ለሕዝብ ስላሳወቁልኝ ምስጋና ስለማቅረብ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ክቡርነትዎ እንዴት ከርመዋል? ባለቤትዎ፣ ልጅዎ፣ ኮምፒውተሮችዎ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው ወይ? የእናትዎን ጤና በተለየ እጠይቃለሁ፤ በብርድ ጊዜ የትኛው ጎናቸው እንደሚያስቸግራቸው አውቃለሁ፣ ግን አደባባይ ላይ ቆመን ስለሆነ አልዘረዝረውም። እያወቁ አለመዘርዘር የሚባል ነገር አለ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

«እርስዎ» ስልዎት እንዳይደነግጡ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒፎርምዎን የሰፋሁት፣ «አንተ ልጅ፣ ቀጥ በል፣ ትከሻህን ልለካበት» እያልኩ ያሳደግሁዎት እኔ መሆኔን አልረሳሁም። ነገር ግን በቀን ሦስት ሺህ ጎብኚ የሚያስተናግድ የድረ ገጽ ዋና አስተዳዳሪ «አንተ» ተብሎ አይጻፍለትም፤ ስለዚህ ብዕሬ እየተደናቀፈም ቢሆን በክብር እቀጥላለሁ።

የማያውቁኝ አንባቢዎች ካሉ፣ ካሉ ነው የምለው፣ ሀሚዳ አብዱልቃዲር ሙሜ እባላለሁ። ጭሮ መናኸሪያው ጀርባ ልብስ እሰፋለሁ፤ ማሽን ላይ ከተቀመጥኩ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖኛል። ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነው፤ ባሌ ሞቷል፤ ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ይህን ሁሉ በገዛ እጄ የምጽፈው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ እርስዎ ቀድመው ስለጻፉት የሚደበቅ ነገር ስላልቀረኝ ነው። በመጪው ሰኔ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በግል ለመፈተን ተመዝግቤአለሁ። ይህንንም ጽፈውታል።

ከምስጋናው በፊት እውነተኛውን ምስጋና ላድርስ፤ አለበለዚያ አላህም አይወደውም። ድረ ገጽዎ ጥሩ ነው። ባለፈው ጥቅምት ወረቀት እያደሉ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ «አዴ ሀሚዳ፣ ትልልቅ ሰዎች ቤታቸው ሆነው እንዲያጠኑ ነው የሠራሁት፤ ማንም አያያቸውም፣ ማንም አይስቅባቸውም» ሲሉኝ አምኜዎት ነበር። ክፍልፋይ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ በእርስዎ ገጽ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በሜትር ስቆርጥ ሩብና ሲሶ ስሠራ የኖርኩትን ነገር ስሙን ያወቅሁት አሁን ነው። ሥዕሉን አይቼ ብቻዬን ስቄአለሁ። «ማንም አያያቸውም» የሚለው ቃል ግን ዕድሜው አጭር ሆነ፤ ስድስት ወር።

ሚያዝያ 17 ቀን ጠዋት «አንድ መቶ ጀግኖቻችን» በሚል ርዕስ፣ ዳርና ዳሩ ፀሐይ በተሣለበት ሠንጠረዥ፣ የተመዘገብነውን ሁሉ በተርታ አወጡን። ሌላው ሰው መረጃ ሲያወጣ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል፤ እርስዎ ግን ለጋስ ነዎት፣ ቅጹ ላይ የሞላነውን ሁሉ፣ ገጹ ላይ ከሠራነው የሙከራ ፈተና ውጤት ጋር፣ ከነኮተቱ ገለበጡት። እኔ በዚያን ሰዓት የአንድ ደንበኛ ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። ጎረቤቴ ሙሉዓለም፣ የስልክ መሸፈኛ የሚሸጠው፣ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ሁሉ አሳየኝ።

«እትዬ ሀሚዳ፣ ሠላሳ አንዱ ከመቶ ነው ከሃምሳ?»

ወላሂ መርፌው ጣቴን ወጋው። እንግዲህ ምስጋናዎቼ በቁጥር የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ቅጽዎ ስፋት አመሰግናለሁ። ገጹን ለመክፈት ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ያቋረጡበት ክፍልና ያቋረጡበት ምክንያት ይሞላል። ሁሉም አጠገብ ቀይ ኮከብ አለ፤ ኮከቡ ያለበትን ካልሞሉ በሩ አይከፈትም። ሁለት ሦስተኛን ከአንድ ስድስተኛ ጋር ለመደመር ባል እንዳለኝና እንደሌለኝ ማወቅ ለምን እንዳስፈለገዎት እስከ ዛሬ እያሰላሁ ነው፤ ምናልባት ሠላሳ አንድ ያመጣሁት ለዚህ ይሆናል። እኔ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ደረቱን አልለካም። የጋብቻውንም ነገር አልጠይቅም። ወገቡን፣ ርዝመቱንና ጭኑን ለክቼ «ሐሙስ ና» እለዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ግላዊነት መመሪያዎ አመሰግናለሁ። ከገጹ ታች፣ ጉንዳን የምታክል ፊደል ሆኖ ተቀምጧል። መነጽሬን አድርጌ፣ ስልኩን አስፍቼ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት፤ በመላው ምዕራብ ሐረርጌ ያነበብኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፣ እርስዎንም ጨምሮ። እርስዎን ጨምሮ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘጠነኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «የካሊፎርኒያ ግዛት ነዋሪ ከሆኑ መረጃዎ እንዲሰረዝልዎ የመጠየቅ መብት አለዎት።» በጣም ደስ ብሎኛል። አንዲት የካሊፎርኒያ ሴት ተነሥታ በጭሮ ድረ ገጽ ሒሳብ ብትወድቅ ስሟ እንደሚሰረዝላት ተረዳሁ። ስለ ቀበሌ 02 ነዋሪ ግን መመሪያው ምንም አይልም፤ ሁለት ጊዜ ፈልጌአለሁ። ከየት እንደገለበጡት አልጠይቅዎትም። እኔም የልብስ ሞዴል እገለብጣለሁ፤ ግን ስገለብጥ ለሚለብሰው ሰው አስተካክዬ ነው።

ሦስተኛ፤ መመሪያዎ አራተኛው አንቀጽ ላይ «መረጃዎን ለሦስተኛ ወገን አናስተላልፍም» ይላል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በዚህ አገር ሦስተኛ ወገን ከየት ይመጣል? ሠንጠረዡን መጀመሪያ የላኩት ለእህትዎ ባል ነው፤ እሱ ለጫት ነጋዴዎቹ የቴሌግራም ቡድን ላከው፤ እነሱ በአይሱዙ ሳይሆን በአየር በደሳ አደረሱት፤ የገበያ ቀን ሆነና ከበደሳ መቻራ ገባ። መቻራ ያገባችው ልጄ ኢንሳፍ ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ። «እማ፣ አማቴ ውጤትሽን ነገሩኝ፤ እኔ እኮ ማጥናትሽንም አላውቅ!» አለችኝ። ልጄ ናት፤ ልነግራት የነበረው ስሜ ከነማለፌ ሲለጠፍ ነበር። ያንን ቀን በልቤ ሰፍቼ አስቀምጬው ነበር፤ እርስዎ ክሩን ሳቡት።

አሁን የምጽፈው አራተኛው ይሁን ሦስተኛው ላይ የሚጨመር አላውቅም፤ ስለ ስልክ ቁጥሬ ነው። በሠንጠረዡ ላይ «ባል የሞተባት» የሚለው ሳጥንና ስልክ ቁጥሬ ጎን ለጎን ነው ያሉት። አላህ ይስጥልኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ አራት ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀውኛል። ከቦኬ የደወሉት ሰውዬ ከሁሉም ይሻላሉ። «ሒሳቡ እንዳያሳስብሽ፣ እኔም አልችልም፤ ፍየሎቼን ልጆች ናቸው የሚቆጥሩልኝ» አሉኝ። ሳቅሁ፤ አልዋሽም፣ ወንበር ይዤ ሳቅሁ። ሦስተኛው ሰውዬ ግን አላሳቀኝም፤ ያለው ነገር እዚህ አይጻፍም፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬ ሲጠራ ደንበኛ ይሁን ሌላ ሳላውቅ እጄ ይቆማል።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል፤ ስለ ቢሮዎ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ፤ ወንበር ሰጥተውኛል፤ የእናት ያህል አክብረው አናግረውኛል። ያሉኝን በቃል ይዤዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን «አዴ ሀሚዳ፣ ሲስተሙ ነው ያወጣው» አሉኝ። ሲስተሙን ማን ሠራው ስልዎት ወንበሩን አስጠጉልኝ። በሁለተኛው ቀን «እሺ የሚለውን ሳጥን ነክተዋል፤ ይኸው ሰዓቱ ተመዝግቧል» ብለው ስክሪኑን አዞሩልኝ። እውነት ነው፣ ነክቻለሁ። ሳልነካ ክፍልፋዩን አያሳየኝማ። ቀጥለው «እዚህ አገር ማን ማንን የማያውቅ አለ? የሚታወቀውን ነው የጻፍኩት» አሉ። በመጨረሻ፣ እኔ በሩ ላይ ስደርስ፣ እውነተኛው ወጣ፦ «ካነሳሁት ጎብኚው ይወርዳል። ድሮ በቀን አርባ ሰው ነበር የሚገባው፤ አሁን ሦስት ሺህ ደርሷል።»

እንኳን ደስ አለዎት። ሦስት ሺህ ሰው ክፍልፋይ ሊማር ቢመጣ እኔ ራሴ እልል እል ነበር። የሦስት ሺውም ሰው ዓይን ያለው ግን መጨረሻው ሳጥን ላይ ነው፤ «ያቋረጡበት ምክንያት» የሚለው ላይ።

ስድስተኛው ስለዚያ ሳጥን ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ያልቃል።

እርስዎ ወጣት ነዎት፤ ያ ሳጥን ለእርስዎ አንድ መስመር ነው። ለእኛ ግን እስከ ዛሬ ማንም ያልጠየቀን ጥያቄ ነበር። ማን ጠይቆን ያውቃል? «ለምን አቋረጥሽ» ብሎ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይተን አናውቅም። ስለዚህ ሴቶቹ እውነቱን ጻፉ። መምህር የሚያነበው መስሏቸው ነው። እኔ የጻፍኩትን አገር ስላነበበው ልድገመው፦ «የአባቴ ዓይን ሲደክም መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባላቸው ሰው ጠፋ፤ ለአንድ ሳምንት ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሳልነሣ ቀረሁ።» ይህ ይነበብ፤ አላፍርበትም፣ አባቴንም አያሳፍርም።

ከእኔ ጋር የምታጠና አንዲት ሴት ግን ነበረች። ስሟን አልጽፍም፣ የምትኖርበትንም አልጽፍም። ስልክ አልነበራትም፤ በእኔ ስልክ ነበር የምትገባው። ሱቄ የምትመጣውም ቀሚስ አሰፋለሁ እያለች ነው። ለአንድ ቀሚስ ስድስት ወር ተለካች። ማንም አልጠረጠረም፤ ልብስ ሰፊ ቀጠሮ እንደማያከብር አገር ያውቃላ! «ዛሬም አላለቀም?» ሲሏት «አዴ ሀሚዳን አታውቋትም?» ትላቸዋለች፤ እኔም በስንፍናዬ ስታማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መልካም ስም ያላወጣልኝ ነገር ለመልካም ሥራ ዋለ። ከማሽኑ ጀርባ ትቀመጣለች፤ እኔ እረግጣለሁ፣ እሷ ጥያቄውን ታነብልኛለች። እኔ ሠላሳ አንድ ሳመጣ እሷ ሰባ ስምንት አመጣች። ደግሞ አትጎርርም፤ «አዴ፣ ያንቺ ማሽን ይጮኻል፤ ለዚያ ነው» ትለኛለች።

ስትመዘገብ የራሷን ስም አልሰጠችም፤ የእናቷን ስም ነው የጻፈችው። ብልህ ናት። ስልክ ሲጠየቅ ግን የእኔን ቁጥር እኔው ራሴ ሞላሁላት። እርስዎ ሠንጠረዡን ሲያወጡ በመቶው ሰው መካከል አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ሴቶች ብቻ ሆኑ፤ አንዷ እኔ። ሌላዋ ማን እንደሆነች ለማወቅ ሒሳብ አላስፈለጋቸውም፤ ስድስት ወር ሙሉ ሱቄ የተመላለሰችው ማን ናት ብሎ መጠየቅ በቃ። እንግዲህ ይህን ለብቻዬ ስሆን አስበዋለሁ፤ ቁጥሩ የእኔ ነበር። ለዚህ ድርሻዬን እወስዳለሁ። የእርስዎን ድርሻ ደግሞ እርስዎ ይውሰዱ።

ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ የጻፈችው ሰባት ቃል ነው። ምን እንደሆነ አልደግመውም። ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ፣ ባሏ፣ ወንድሞቹና ጎረቤት በተቀመጡበት፣ አንዱ ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። እሷ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማጥናቷን ምናልባት ይታገሱት ነበር። ሰባቱን ቃል ግን የሚታገስ ቤት አይደለም፤ ሰባቱ ቃል ስለዚያው ቤት ነበርና።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። ቤቷ ድረስ ሄድኩ፤ ቀሚሷን አጥፌ ይዤ፣ «እጅጌውን ልለካላት ነው» ብዬ። አማቷ በሩ ላይ ተቀበሉኝ፤ ሰላምታውን በደንብ ተለዋወጥን፣ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን። ከዚያ «ቀሚሱን አትፈልገውም» አሉኝ። ሌላ ምንም። ከውስጥ የሚሰማ ድምፅ የለም፤ እሷ ግን እዚያው ነበረች፤ ጫማዋን በሩ ላይ አይቼዋለሁ። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። እሷም የተመዘገበችበት መለያ ቁጥር ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ክቡር ሆይ፣ «የሚታወቀውን ነው የጻፍኩት» ላሉኝ አሁን መልስ አለኝ።

እኔ የልኬት ደብተር አለኝ። አሁን የያዝኩት ስድስተኛው ነው። ውስጡ የዚህ ከተማ ደረት፣ ወገብና ዳሌ ሁሉ አለ። ማን እንደከሳና ለምን እንደከሳ አውቃለሁ። ሠርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወገቡን አስፊልኝ ብላ ያለቀሰችውን ሙሽራ አውቃለሁ። በስብሰባ ላይ ትከሻው የሚያስፈራ የትኛው ትልቅ ሰው ትከሻውን ከእኔ ስፖንጅ እንደተበደረ አውቃለሁ። አንድ እግሩ ካንዱ የሚያጥር ሰው አለ፤ ሱሪውን በሁለት ልክ እየሰፋሁለት ሃያ ዓመት አለፈ፣ ሚስቱም አታውቅ። ደብተሩ ላይ ስም የለም፤ እኔ ብቻ የማውቀው ምልክት ነው ያለው። መሳቢያው ይቆለፋል፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ገጹን ቀድጄ አቃጥለዋለሁ፤ የሟች ልክ ለማንም አያገለግልም። አንድ ገጽ ብቻ አላቃጠልኩም፤ እሱም የራሴ ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ አይሰጥም። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ አዋጅ ወጥቷል ሲሉ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ቁጥሩን አላውቀውም፣ እርስዎ ዩኒቨርሲቲ ስለገቡ ፈልገው ያንብቡት። እኔ የማውቀው እንዲህ ነው፦ ሰው ሊለካ እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ ራሱን ለቆልኛል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ያየሁትን ለልብሱ ካልሆነ ለሌላ ልጠቀምበት አልችልም። በዚህች ከተማ እርስ በርስ ስለማንተዋወቅ ሳይሆን፣ እያወቀ ዝም የሚል ሰው ስላለ ነው እስከ ዛሬ ተከባብረን የኖርነው። እርስዎ የጻፉት የሚታወቀውን አይደለም፤ ዝም የተባለውን ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና፣ ግን ወደ ኋላ ሳልል፣ የሚከተለውን እጠይቃለሁ።

የዘጠና ዘጠኙ ሰዎች ስም፣ ስልክ፣ የጋብቻ ሁኔታና ምክንያት ዛሬ ከገጹ ይነሣ። ነገ አይደለም፤ «ሐሙስ ና» የማለት መብት ያለው ልብስ ሰፊ ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ለደረሳቸው ቡድኖችም አጥፉ ብለው ይጻፉላቸው፤ ላያጠፉ ይችላሉ፣ ግን ይጻፉላቸው። ቀይ ኮከቦቹን ከማያስፈልገው ሳጥን ሁሉ ያንሱ። ከካሊፎርኒያ አንቀጽ ሥር አንድ መስመር ለእኛም ይጨምሩ። እምቢ ካሉ፣ ሱቄ መናኸሪያ ጀርባ ስለሆነ የሚገባና የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ በደጄ ያልፋል፤ ይህን ደብዳቤ በትልቅ ፊደል አጽፌ በሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። ጎብኚው ስንት እንደደረሰም በየቀኑ አሳውቅዎታለሁ።

ዘጠና ዘጠኝ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። የቁጥር ስሕተቴን አገር ስላወቀው ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ።

የእኔን አያንሡት። ሀሚዳ አብዱልቃዲር ሙሜ፣ አርባ ስምንት ዓመት፣ ሒሳብ ሠላሳ አንድ፤ እንዳለ ይቆይ። ስልኬን ብቻ ያጥፉልኝ፤ የቦኬው ሰውዬ ቁጥሩን ይዘውታል፣ ሌላ አያስፈልገኝም። ሰኔ ላይ እፈተናለሁ። ሙሉዓለም ይሳቅ፤ የልጄም አማት ይንገሩ። ውጤቱ ሲመጣ ከሠላሳ አንዱ ሥር ራሴ መጥቼ አስጽፈዋለሁ፤ ከየት ተነሥቼ የት እንደደረስኩ እንዲታይ መነሻው ያስፈልገኛል። ባልፍም አስጽፈዋለሁ፣ ብወድቅም አስጽፈዋለሁ። ይኸው ፈቃዴን በጽሑፍ፣ በስሜ፣ በፊርማዬ፣ ምን እንደሚወጣና ምን እንደማይወጣ ለይቼ ሰጠሁዎት። ፈቃድ የሚሰጠው እንዲህ ነው፤ ሳጥን በመንካት አይደለም።

አንድ ቃል ደግሞ ለእርስዎ ያልሆነ። ይህን ደብዳቤ ምናልባት አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነበው ይሆናል፤ በዚህ አገር ጮክ ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። በር ላይ የቆመች ሰው ትስማው፦ ቀሚስሽ ሱቄ ተሰቅሏል። ቀኝ እጅጌው አልተገጠመም። እኔን ታውቂኛለሽ፤ ቀጠሮ አላከብርም፣ እስከ ሰኔ ይቆያል። ከማሽኑ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠበትም። ማሽኑንም ዘይት ቀብቼዋለሁ፤ አሁን አይጮኽም።

ክቡርነትዎ ይህን ረጅም ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ካነበቡልኝ፣ ረጅም ዕድሜ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ፈጣን ኔትዎርክና ስሜትዎን የማይጎዳ ጎብኚ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ በከፍተኛ አክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ ግን መርፌዬን ሳላስቀምጥ እሰናበትዎታለሁ።

ከመቶው ጀግኖችዎ አንዷ፣ ያለ ፈቃዷ የታወቀች፣ አሁን ግን በፈቃዷ የምትናገር፣
ሀሚዳ አብዱልቃዲር ሙሜ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለቀበሌ 02 ነዋሪዎች፣ መመሪያው ለረሳቸው
ለጎረቤቴ ለሙሉዓለም፣ ከመቶ ነው
ለካሊፎርኒያ ግዛት ነዋሪዎች፣ ለመረጃ ያህል

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ከሦስት ዓመት በፊት የሠርግ ሱፍዎን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ማታ ብቻዎን መጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ «አዴ ሀሚዳ፣ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ» ብለው የለመኑኝን ነገር አልረሳሁትም። አራተኛው ደብተር፣ ገጽ ሰባ ሁለት ላይ ነው። አይስጉ፤ ጎብኚ የለውም።